«ቲቸር፣ ጨርሻለሁ»፦ የኮምፒውተር ክፍላችን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ» ሲባል ስንት ጊዜ እንደምሰማ ወረቀት ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ። 17 ጊዜ። የመጀመሪያው የመጣው ክፍለ ጊዜው በተጀመረ በ14ኛው ደቂቃ ነው። ደወሉ ሲደወል ደግሞ ሦስት ኮምፒውተር ላይ ያሉት ልጆች የኤክሴል ሠንጠረዡን ገና ግማሽ አላደረሱትም። ክፍለ ጊዜያችን 40 ደቂቃ ነው። አንዱ ልጅ 26 ደቂቃ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፣ ለሌላው 40ውም አይበቃውም።

ይህን ማስታወሻ የምጀምረው ለዚህ ነው። ጎንደር ውስጥ 9ኛ ክፍል አይሲቲ አስተምራለሁ። በክፍሉ 46 ተማሪ አለ። ላቡ ውስጥ 24 ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠሩት 19 ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ስምንቱ ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት። ፕሮጀክተር አለን። ላቡ ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ የሚያስፈልገኝን በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። ላብ የምንገባው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። የልጆቹን ስም እዚህ አልጽፍም።

ሥራ የፈታ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ያስተማረ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ አንዱ የጎረቤቱን ስክሪን ገልብጦበት ልጁ አንገቱን አጣሞ ሲጽፍ አገኘሁት። ሌላው ከፍላሽ የመኪና ጨዋታ ጭኗል። ሁለቱ ደግሞ የአንዷን ማውስ ከኋላ ነቅለውባት፣ ኮምፒውተሩን ያበላሸችው መስሏት ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የሚሠራ ነገር አልሰጠኋቸውም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ተጨማሪ ጥያቄ አዘጋጅቼ ገባሁ። ለጨረሰ ሁሉ አንድ ሌላ ሠንጠረዥ፣ እሱን ለጨረሰ ደግሞ ሌላ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ደስታዬ አምስት ቀን ነው የቆየው። ከአዘዞ በሚኒባስ የሚመላለስ አንድ ልጅ አለ፣ ከሁሉም ፈጣን ነው። ዛሬ በ20ኛው ደቂቃ በአጠገቡ ሳልፍ ሥራው አልቋል፣ እሱ ግን አንድ ሴል፣ የሠንጠረዡን አንድ ሳጥን ማለት ነው፣ እየሰረዘ መልሶ ይጽፋል። እየሰረዘ ይጽፋል። ሲወጣ ጠብቄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ትንሽ አመነታና «ቲቸር፣ ቶሎ ስጨርስ ሌላ ይጨምሩብኛል። ቀስ ስል ግን አንድ ብቻ ነው የምሠራው» አለኝ።

ልጁ ትክክል ነው። እኔ ሽልማት መስሎኝ የሰጠሁት ነገር ለእሱ ቅጣት ነበር። ያውም ያንኑ ሥራ፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ። እሱ ሠንጠረዡን በ14 ደቂቃ ከቻለው ሁለተኛው ሠንጠረዥ ምን ይጨምርለታል? ምንም። ዛሬ ማታ የተረፉትን የተጨማሪ ጥያቄ ወረቀቶች ጀርባቸውን ለረቂቅ ልጠቀምባቸው ቆራረጥኳቸው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ቀጥሎ የሞከርኩት ሁሉም አስተማሪ የሚሞክረውን ነው፤ የጨረሰ ያልጨረሰውን ይርዳ። በ25ኛው ደቂቃ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሥራው አለቀ። ገረመኝ። ከዚያ አንዷን ረዳት ያገኘች ልጅ «እስኪ ይቺን ረድፍ ደምሪልኝ» አልኳት። ዝም ብላ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ረዳቷ መጥቶ፣ ማውሱን ተቀብሏት፣ በሁለት ደቂቃ ሠርቶላት ሄዷል። ስክሪኑ ላይ ሁሉ ነገር ተሟልቷል፣ እሷ ግን የገባት ነገር የለም። ይህ ካለመጨረሷ የባሰ ነው፤ ባትጨርስ ቢያንስ እኔ አውቅ ነበር።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ዛሬ ለክፍሉ ችግሩን እንዳለ ነገርኳቸው። እንዲህ አድርጌ ነበር፣ እንዲህ ሆነ፣ ምን ይሻላል አልኳቸው። ብዙ ተባለ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ድቁና ያለው አንድ ልጅ የተናገረው ነው። ያደገው አብነት ትምህርት ቤት ነው። «እኛ ጋ የበረታው ለጀማሪው ያስቀጽላል» አለ፤ እየመራ ያስነብበዋል ማለት ነው። «ግን ፊደል መጠቆሚያውን ስንደዶ የሚይዘው ጀማሪው ነው። አስቀጻዩ ከያዘለት ልጁ ፊደሉን በዓይኑ አይፈልገውም፣ በጆሮው ብቻ ሸምድዶ ይሄዳል።»

ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ በየደብሩ አጥር ስር ትልቁ ልጅ ትንሹን ሲያስቀጽል እያየሁ አልፌ፣ ይህ ነገር ለኮምፒውተር ክፍል እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም ነበር። ሕጉን እዚያው ጻፍነው፤ ረዳት ሲመጣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። በአፉ ብቻ ይናገራል። ማውስም ኪቦርድም አይነካም። በጣቱ ስክሪን ላይ ማሳየትም አይቻልም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

የስንደዶው ሕግ ተሞከረ። በጣም ይከብዳቸዋል። የአዘዞው ልጅ እጁን ከኋላ አቆላልፎ «እዚያ ጋ... አይ፣ ከእሱ በላይ... ከላይ፣ ፊደል ቢ ያለበት ዓምድ፣ ሦስተኛው ረድፍ» እያለ ላብ በላብ ሆነ። ግን እዩት፦ ሴል በስም መጥራት ሲያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ በዓይኑና በእጁ ነበር የሚሠራው። ስም ለመጥራት ሲገደድ ራሱም በደንብ ያልገባውን ነገር አገኘ፤ የሴል አድራሻ ፎርሙላ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደዚያ እንደሚጻፍ ማብራራት አቅቶት ጠራኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሁሉም ሰው ማስቀጸል አይወድም። ደግሞም አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ረዳት ብቻ ከሆነ የራሱ ትምህርት የት ይሄዳል? የእሱም ወላጅ ልጁን የላከው እንዲማር ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሌላ ነገር ጀመርን። ከእኛ ትምህርት ቤት አጠገብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የ6ኛ ክፍል መምህሯን አነጋገርኳት፣ ሚያዝያ ላይ ልጆቿን ይዛ ላባችንን ልትጎበኝ ተስማማን። ሲመጡ የሚያዩትን ነገር የሚሠሩት የእኔ ተማሪዎች ናቸው። ሥራው የፋሲል ግቢ ካርታ ነው፤ ስክራች በሚባል ለልጆች በተዘጋጀ የፕሮግራም መሥሪያ የሚሠራ፣ አንድ ግንብ ላይ ሲጫኑ ማን እንዳሠራው በድምፅ የሚናገር። ስክራች ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማዘዣዎቹንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገብቼ በፍላሽ 19ኙም ላይ ጫንኩት፣ ሲመሽ ነው የወጣሁት።

ሥራውን በትንንሽ ቆራርጬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። የጨረሰ ልጅ እኔን ሳይጠራ ሄዶ አንድ ብጣሽ ያወጣል። «የዓፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት በስዕል መሣሪያው ሣል።» «የዓፄ ኢያሱን ግንብ የሚገልጽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ።» «የዳዊትን የመዝሙር ቤት ድምፅ ቅዳ።» «የበካፋን ግንብ ቦታ አስተካክል።» ከእያንዳንዱ ብጣሽ ግርጌ ባዶ መስመር አለ፦ «ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው፦»

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር እሱ መስመር ነው። ቶሎ የሚጨርስ ልጅ የሚያገኘው ጊዜ ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ቀን 8 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን 20። ሥራው በማንኛውም ደቂቃ የሚቋረጥ፣ ሌላ ልጅ የሚቀጥለው መሆን አለበት። ማርክ የለውም። ማርክ ካለው ያልጨረሰው ልጅ ይጎዳል፣ ወይም ዋናውን ሥራ እያበላሹ ወደ እሱ ይሮጣሉ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ዛሬ ላቡ ውስጥ ጠብ ተነሣ፣ እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ። አንዷ ብጣሽ «ዓፄ ፋሲል የነገሡበትን ዓመት ጻፍ» ትላለች። አንዱ ልጅ 1624 ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ቀጥላ ስታገኘው ሰረዘችውና 1632 አደረገችው። ማክሰኞ ተመልሶ 1624 ሆነ። ዛሬ ሁለቱም አብረው ጨረሱና ቆርቆሮው ጋ ተገናኙ። እሱ የአባቱን መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ እሷ ለቱሪስት የታተመ ወረቀት ይዛለች።

አላስታረቅኳቸውም። ሌሎች ዓመቶችንም አምጡ አልኳቸው። ጎንደር የተቆረቆረችበት፣ እሱ 1628፣ እሷ 1636። ልዩነቱ 8 ነው። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት የመዘገበበት፣ እሱ 1972፣ እሷ 1979። ልዩነቱ 7! «እንግዲህ አንዱ ተሳስቷል» አለች። አልተሳሳተም። ምዝገባው ጥቅምት ላይ ነው። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት ነው፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ይሆናል። ጳጉሜ 6 ስትሆን በማግሥቱ የሚጀምረው ዓመት ላይ ድንበሩ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ይህን 9ኛ ክፍል ደርሰው ማንም አልነገራቸውም፣ እኔም የተማርኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

አዲስ ብጣሽ ጻፍኩ፦ «ዓመት ቀያሪ ሥሩ፣ በኤክሴል።»

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ዓመት ቀያሪው አራት ልጆችን አያያዘ። መጀመሪያ ቀኑን እንደ ቀን ጻፉት፣ ኤክሴል 1632ን አልቀበልም አለ። ኤክሴል ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከ1900 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቀን አያየውም። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ንዴት ነበር፣ ፋሲልን የናቀባቸው ነው የመሰላቸው። ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያሉ በሦስት የተለያየ ሴል ከፈሉት። ወሩ ከ1 እስከ 3 ከሆነ 7 ደምር። ከ5 እስከ 13 ከሆነ 8 ደምር። 4 ከሆነ ቀኑን እይ። ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚለው የኤክሴል ትእዛዝ) ውስጥ ሌላ ኢፍ ማለት ነው፣ እኔ ገና ያላስተማርኩት። 13ኛ ወር ያለው ሠንጠረዥ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። ብጣሾቹን ግን ጠረጴዛ ላይ አፍስሼ በእርሳስ የሚሠሩትን ለየን። ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ግንቦቹን መሣል። የአጥሩን ርዝመት ወደ ስክሪን ማምጣት ደግሞ ሒሳብ ሆነ፤ አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው፣ ካርታው የሚታይበት የስክራች መድረክ ደግሞ ወርዱ 480 ነጥብ ቁመቱ 360 ነው። በወረቀት ሲሠሩት ዋሉ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያገኘሁት ነገር ከበደኝ። ብጣሾቹን ሰብስቤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ስም ቆጠርኩ። እስካሁን 31 ብጣሽ ተሠርቷል። የሠሩት ልጆች 9 ናቸው። ከ46 ዘጠኝ። ስማቸውን አንድ በአንድ ሳየው ዘጠኙም ቤታቸው ኮምፒውተር ያለ ወይም ወንድም እህቶቻቸው ላፕቶፕ ያላቸው ናቸው። ቆርቆሮው ጋ ደርሳ የማታውቅ አንዲት ልጅ አለች፣ ቤቷ ቁስቋም አካባቢ ነው። ኮምፒውተር የምትነካው እዚህ ብቻ ነው፣ እዚህም ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ ማውሱ አይደርሳትም።

እኔ የተማርኩት በፕላዝማ ጊዜ ነው። ያኔ 9ኛ ክፍል ያለፈ ሰው ያስታውሰዋል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። የገባው ይከተላል፣ ያልገባው ይቀራል። እጅ ብታወጣም አያይህም። እኔ ከሚቀሩት ነበርኩ። አሁን ላብ ውስጥ ቆሜ ያንኑ እየደገምኩ ነው፤ ለሚያውቀው ካርታና ድምፅ፣ ለማያውቀው ያንኑ ሠንጠረዥ። በጣም ጥሩውን ሥራ የሰጠሁት ከሁሉም ያነሰ ለሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ሦስት ነገር እቀይራለሁ።

አንደኛ፣ «ጨርሻለሁ» የሚባለው በልጅ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። እዚያ የተቀመጡት ሁለቱም ወይም ሦስቱም ሥራውን ደግመው ማሳየት ሲችሉ ብቻ ነው ያ ኮምፒውተር የጨረሰው። የሚያሳየው እኔ የመረጥኩት ልጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዝም ያለው።

ሁለተኛ፣ በየ10 ደቂቃው ማውሱ እጅ ይቀይራል። ፕሮጀክተሩ ላይ ትልቅ ሰዓት አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሐሙስ ሁሉም ሰው የካርታውን ሥራ ይሠራል፣ ሠንጠረዥ የለም። ብጣሽ ቀድሞ የሚያወጣው እስካሁን ያላወጣ ነው።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ሰዓቱ ሠራ። ጩኸት በዛ፣ ግን የሥራ ጩኸት ነው። የከተራና የጥምቀት ዝግጅት ስለነበረ ግማሹ ልጅ ልቡ ባሕረ ጥምቀት ነው ያለው። እሑድ ጥምቀት ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል። ከዚያ ወደ ፈተና እንገባለን፣ ይህ ማስታወሻ እስከ የካቲት ያርፋል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው የጋራ ሐሙስ። የቁስቋሟ ልጅ ቆርቆሮው ውስጥ እጇን አስገብታ ያወጣችው «የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ካርታው ላይ አስቀምጥ» የሚለውን ነው። ካርታውን አየችና «ቲቸር፣ የትኛውን?» አለችኝ። ያልገባት መስሎኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ግንብ አሳየኋት። «እሱንማ አየሁት» አለች። «እኛ ሰፈር ያለውስ? እሷ የኖረችው ቁስቋምም ነው።»

ልክ ናት። ምንትዋብ በግቢው ውስጥ ግንብ አላት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋም ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። ሁለት ወር ሙሉ ዘጠኝ ጎበዝ ልጆች ይህን ካርታ ሲሠሩ አንዳቸውም አላነሡትም፣ እኔም አላነሣሁትም። እሷ በየቀኑ በአጠገቡ ስለምታልፍ ጠየቀች። ካርታችን ከአጥሩ ውጪ ቦታ ስላልነበረው መድረኩን ሁሉ ማሳነስ ግድ ሆነ፤ ያንን ሥራ የአዘዞው ልጅ ወሰደ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ማውሱን የያዘችው እሷ ናት።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ማክሰኞ እንደገና ቆጥሬ ነበር። «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ» 5 ጊዜ። ከአምስቱ ሁለቱ ደግመው ሲያሳዩ ያልጨረሱ ሆነው ተገኙ። ብጣሽ የነካ ልጅ ቁጥር 9 የነበረው 38 ደርሷል። ስምንት ይቀሩኛል፣ አራቱ ብዙ ቀን የሚቀሩ ልጆች ናቸው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአዘዞው ልጅ ነገር ግን አላለቀም። ካርታው ለእሱ ቀለለው። ማስቀጸሉንም ሠርቷል፣ ዓመት ቀያሪውንም ሠርቷል። ሲሰለቸው አውቃለሁ፤ ያንን ሴል እየሰረዘ የሚጽፍበት ዓይን ይመለስበታል። ሌላ የ9ኛ ክፍል ሥራ ብሰጠው ያው ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈኑትን አምስት የማይሠሩ ኮምፒውተሮች አሳየሁት። ከእሱ ጋር ሁለት ልጆች እንዲመርጥ አልኩት፣ አንደኛው ቆርቆሮ ጋ ያልደረሰ መሆን አለበት። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ካልታየኝ ክዳን አይከፈትም። ከፈቱት፤ ውስጡ አቧራ በአቧራ ነው። በቀለም ብሩሽ ጠረጉት። የመጀመሪያው ሲበራ ይጮኻል እንጂ ስክሪን አያሳይም ነበር። ራሙን፣ የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደር፣ አውጥተው፣ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ቀስ ብለው አጸዱትና መልሰው «ቀጭ» እስኪል ድረስ ተጫኑት። በራ።

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሠንጠረዥ ላይ የነበሩትም ጭምር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ኮምፒውተርም ተነሣ፤ የእሱ ችግር ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ነበር፣ ፈጽሞ ከሞተው ነቅለው ገጠሙለት። አሁን 21 አሉን። ሦስት ሦስት ከሚቀመጡት ስምንት ቡድኖች አራቱ ሁለት ሁለት ሆኑ። ቶሎ በመጨረስ የተገኘችው ጊዜ ዞራ ማውስ ለማይደርሳቸው ልጆች ማውስ ሆነች።

ለሚያዝያ የቀረን፦ የበካፋ ግንብ ድምፅ ጩኸት ስላለው እንደገና ይቀዳል። ዓመት ቀያሪው ታኅሣሥ ላይ አሁንም አንዳንዴ ይሳሳታል። የ6ኛ ክፍል ልጆች ሲመጡ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ መመደብ አለብኝ፣ የእኔዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ።

ማታ ቆርቆሮውን ሳስተካክል የምንትዋብን ብጣሽ አገኘሁት። ጀርባው ላይ ሦስት ስም አለ፣ የመጀመሪያው የቁስቋሟ ልጅ ነው። ከግርጌው በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው፦ ግንቡን ሠርቻለሁ፣ በሩ ይቀራል። ቅዳሜ ሄጄ በደንብ አይቼው እመጣለሁ፣ ማንም እንዳይሠራው።»